እንዳይበላሽ ተብሎ ስለታሰረው መበየጃችን

ለተከበሩና ለተፈሩ የአረጋውያን መዝናኛ ማዕከላችን ኃላፊ፤
ባሉበት፣ እንደ ልማድዎ ከሌሉም በሌሉበት፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል እላለሁ። ወገብዎ እንደ ወንበርዎ መደገፊያ የቀና፣ እንቅልፍዎ እንደ ቢሮዎ በር የጸና፣ ዕድሜዎም በመስታወት ሣጥን እንደቆለፉበት ዕቃችን ማንም ሳይነካው ለዘመናት የሚቆይ እንዲሆን ከልቤ እመኛለሁ። እኔ ጉልበቴን ከማመሙ በቀር ደህና ነኝ፤ ጉልበት ግን ከእጅ ሥራ ክፍል ጋር ስለማይገናኝ በእሱ አላደክምዎትም።

ይህን ደብዳቤ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የለጠፍኩት እርስዎን ለማሳጣት አይደለም። ቀደም ሲል ሁለት ደብዳቤ በእጅዎ ሰጥቼዎት ሁለቱም ጠረጴዛዎ ላይ የሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫ ሆነው ስላየኋቸው፣ ሦስተኛውን ብርጭቆ በማይቆምበት ቦታ መስቀል ይሻላል ብዬ ነው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላልና ከሥሩ ልጀምር። ፊደል የቆጠርኩት በሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው። አባቴ ፊደል የሴት ልጅን ዓይን ያደክማል ይል ነበር፤ ባሌም የአባቴን ቃል እንደ ርስት ተረክቦ ሠላሳ ዓመት ጠበቀው። ሁለቱም ካለፉ በኋላ እዚሁ ማዕከል ገብቼ ተማርኩ። አንድም ሰው ሳይረዳኝ እስከ መጨረሻው አንብቤ የጨረስኩት የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር፣ በአንድ አሮጌ ሬዲዮ ጀርባ ላይ የተጻፈው "ክዳኑን አይክፈቱ" የሚል ነው። ከፈትኩት።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሰባት ዓመት ሙሉ፣ በእጅ ሥራ ክፍሉ ጠረጴዛ ዙሪያ ሦስት ሰዎች አንጠፋም፦ እኔ፣ ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋና ጡረተኛው የአውቶቡስ ሹፌር። ሬዲዮ፣ የእጅ ባትሪ፣ የልጅ ልጆቻችንን መጫወቻ እየፈታን እንገጥማለን። ማንም አይከፍለን፣ ማንም አያዘን። ሹፌሩ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ቤቱ ውስጥ ሳምንት ሙሉ ቃል ሳይወጣው እንደሚውል ልጁ ነግራኛለች፤ እጁ ሽቦ ሲይዝ ግን አፉ ይፈታል። "እማማ ቡሎን፣ ይኼ ብየዳሽ እኮ የዝንብ ኩስ ይመስላል" ይለኛል። እኔም "ያንተ ደግሞ ዝንቡን ራሱን" እለዋለሁ። ልብስ ሰፊዋ "ሁለታችሁም ዝም በሉና መነጽሬን ፈልጉልኝ" ትላለች፤ መነጽሯ ሁልጊዜ ግንባሯ ላይ ነው። ክቡርነትዎ ሊዘጉት ያሰቡት ክፍል ይህ ነው። ቅሬታዬም በተራ ቁጥር እንደሚከተለው ቀርቧል።

አንደኛ፦ ሽቦ የምንበይድበት አሮጌው ካውያችን ግድግዳ ላይ ተሰክቶ እስኪነቀል ድረስ ዝም ብሎ የሚግል፣ ሙቀቱ የማይታዘዝ፣ ስንት ዕቃ ያሳረረብንና በመጨረሻም የገዛ ገመዱን ያቀለጠ ስለነበር፣ ረጅም ዘመን የሚያገለግል፣ ሙቀት መቆጣጠሪያ ሳጥን ያለው መበየጃ እንዲገዛልን ጠየቅን። እርስዎም በደግነትዎ የመራጭ ኮሚቴ አቋቋሙ። አምስቱ የኮሚቴ አባላት በሕይወታቸው ሽቦ በይደው የማያውቁ ጨዋ ሰዎች ሲሆኑ፣ አንደኛው ዕቃው ሸሚዝም ይተኩስ እንደሆነ በትሕትና ጠይቀዋል። እኔ አንድ ገጽ ጽፌ አቀረብኩ። ሙቀቱ ከፍና ዝቅ የሚልና ባለበት የሚረጋ ይሁን፤ ገመዱ ትኩስ ብረት ቢነካው የማይቀልጥ ይሁን፤ ማስቀመጫው ክርን ሲገፋው የማይገለበጥ ከባድ ይሁን፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ጫፉ አላቂ ነውና ሲያልቅ መለዋወጫው ከየትኛውም ሱቅ የሚገኝ ይሁን፤ መልኩ ግድ የለም አልኩ። ኮሚቴው ወረቀቴን በክብር ከፋይል አስገብቶ፣ ሰማያዊ መብራት የሚያበራውንና ሲከፈት የሚዘምረውን መረጠ። ደግነቱ ነጋዴው ጋ ዘማሪው አልቆ ነበርና እኔ ያልኩት ተገዛ። ዕቃ ላለቀበት ለዚያ ነጋዴ ምስጋናዬ ይድረሰው።

ሁለተኛ፦ መበየጃው በመጣ ማግሥት በመተላለፊያው ላይ ባለው የመስታወት ሣጥን ውስጥ ከሩጫ ዋንጫዎቹ መካከል ተቀምጦ ተቆለፈበት። ምክንያቱን ብጠይቅ፣ "እናቴ፣ ረጅም ዘመን የሚያገለግል ይሁን ብለው የጻፉት እርስዎ አይደሉ? ያልተነካ ዕቃ አይበላሽም" አሉኝ። እውነትዎን ነው። በዚህ አያያዝ የልጅ ልጄ ልጅም መጥታ አዲስ እንደሆነ ታየዋለች፤ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። እግረ መንገዴን ግን፣ ወንበርዎም በዚሁ ዘዴ ብዙ ዘመን እንዲቆይ ከላዩ ቢነሡለት ብዬ በትሕትና አሳስባለሁ።

ሦስተኛ፦ እንግዶች ሊጎበኙን የመጡ ዕለት፣ የዕቃ ቤት ሠራተኛው የመበየጃውን ጫፍ እንዲያብለጨልጭ ብለው በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገው አሳመሩት። ሰውየው ትጉ ናቸው፤ ክፋት የለባቸውም፤ ያዘዟቸውን ነው የሠሩት። ነገር ግን ያ ጫፍ ስስ ቆዳ አለው። ቆዳው ከተገፈፈ፣ ቀልጦ ሽቦን ከሽቦ የሚያጣብቀው ሊድ አይዘውም፤ እንደ ውሃ ጠብታ እየተንከባለለ ይወድቃል። ጫፍ የሚቀመጠው ተፈግፍጎ ሳይሆን ሊድ ለብሶ ነው፤ የሊዱ ልብስ ከዝገት ይጠብቀዋል። ስለዚህ ለረጅም ዘመን የተመረጠው ዕቃችን አንድም ነጥብ ሳይበይድ ጫፉ ሞተ። በማዕከላችን ታሪክ በጉብኝት የተገደለ የመጀመሪያው ዕቃ እሱ ነው።

አራተኛ፦ ባለፈው ሳምንት የወጣው ማስታወቂያ፣ በእጅ ሥራ ክፍሉ ውስጥ ለሦስት ወር ምንም ሥራ ስላልተሠራ ክፍሉ የትርፍ ወንበሮች ማከማቻ እንደሚሆንና ውሳኔውም ሐሙስ በጠቅላላ ስብሰባ ላይ በእርስዎ እንደሚነበብ ይገልጻል፤ በሩም ከዚያው ቀን ጀምሮ ተቆልፏል። ማስታወቂያውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ዘግይቶ የተማረ ሰው የተጻፈን ነገር በቀላሉ አይጠራጠርምና ጥፋቱ የዓይኔ ይሆን ብዬ ነበር። ዓይኔ ደህና ነው። አፉን አስረውት ሲያበቁ ይህ ሰው አልበላም ብለው ድርሻውን የሚወስዱበት ይህ ዘዴ፣ እንደ እኔ ላለች ዘግይታ ለተማረች ሴት ትልቅ ትምህርት ሆኗል።

ሹፌሩ ማስታወቂያውን ቆሞ አነበበና ምንም ሳይናገር ወደ ቤቱ ሄደ። ክቡርነትዎ፣ በሕይወቴ ዝም ያለ ወንድ ይናፍቀኝ ነበር፤ ይህኛው ዝምታ ግን አላማረኝም። ከዚያ ወዲህ ስድስት ቀን ሆነው። ትናንት ቤቱ ሄጄ ብየዳውን ብሰድብበትም አልመለሰልኝም።

ስለሆነም የሣጥኑ ቁልፍና የክፍሉ ቁልፍ እንዲሰጡን፣ ወንበሮቹም ሌላ የሚከማቹበት ቦታ እንዲፈለግላቸው እጠይቃለሁ፤ ያው እነሱስ ተቀማጭ አያጡም። ስለ ጫፉ አይጨነቁ። መለዋወጫው ከየትኛውም ሱቅ የሚገኘውን የመረጥኩት እንዲህ ያለውን ቀን አስቤ ነበርና፣ አዲሱ ጫፍ ሽርጤ ኪስ ውስጥ አለ።

ስላነበቡልኝ፣ ካላነበቡልኝም ቆመው ላነበቡት መንገደኞች ሁሉ አመሰግናለሁ።

ለትዕግሥትዎ ከማጎንበስ የማትቦዝን፣ ጉልበቷ ግን የማይታጠፍላት፣
በእጅ ሥራ ክፍሉ ጠረጴዛ የመስኮቱ ወገን ተቀማጭ፣
እማማ ቡሎን

ማስታወሻ፦ ሰኞ ዕለት ጸሐፊዎ እንድጠግነው በጋዜጣ ጠቅልላ ያመጣችልኝ የስብሰባ አዳራሹ ማይክሮፎን እኔ ጋ ነው። ከፍቼ አየሁት፤ አንዲት ሽቦ ተበጥሳለች፤ የሁለት ደቂቃ ሥራ ናት። የአሮጌውን ካውያ ገመድ ቀይሬ እንዳልበይዳት ኮሚቴዎ "ለአደጋ የሚያጋልጥ" ብሎ በቃለ ጉባኤ አግዶታል፤ እኔም ደንብ አክባሪ ነኝ። ስለዚህ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ማይክሮፎኑን ይዤ፣ ሹፌሩንም ከቤቱ ጎትቼ አምጥቼ በክፍሉ በር ላይ ቁልፉን እንጠብቃለን፤ እጁ ሽቦ ሲይዝ አፉ ይፈታልና የሚበይዳት እሱ ነው። ቁልፉ ካልመጣም ቅር አይለንም፤ ውሳኔውን ሐሙስ በባዶ ድምፅዎ ያንብቡት። እኛ ግን የምንቀመጠው የኋላው ረድፍ ላይ ነው፤ ጆሯችንም እንደሚያውቁት ነው፤ ያልሰማነውን ውሳኔ ደግሞ እንዴት አድርገን እንፈጽመዋለን?