«ይቅደሙ» የማያውቀው መንኮራኩር

ስምረትዬ፣

ካርዱ ላይ የምታዪው ዙሪያውን ካቢኖች የተንጠለጠሉበት የላስ ቬጋስ ግዙፍ መንኮራኩር ሰው ለመጫን አይቆምም፤ ቀስ እያለ ሲያልፍ ነው የሚገባበት። እማዬና የአክስቴ ባል ጋሽ ለገሠ በሩ ላይ «ይቅደሙ»፣ «ኧረ በሞቴ፣ እርስዎ ይቅደሙ» ሲባባሉ ካቢኑ ጥሎን ሄደ። የእኛው ኦሮራ የኮልፋክስ ጎዳና አስራ አምስት ቁጥር ባስ እንኳ ይጠብቃቸው ነበር! የሚቀጥለው ሲመጣ የሁለቱንም ክንድ ይዤ አስገባኋቸው። ጫፍ ላይ ስንደርስ ከተማው በሙሉ ከእግራችን ስር ሆነ፤ እኔ ፍንክች አላልኩም። ታች ስንደርስ ግን መውጫው ላይ «ይቅደሙ» እንደገና ተጀመረና በሩ ተዘጋብን። ደግመን ዞርን!

ቦታ አለቀብኝ፤ እናትሽን ሳሚልኝ። ኦሮራ ስመለስ በርሽ ላይ «ቅደሚ» እንዳትዪኝ፣ ሳልባል ነው የምገባው።

ኑኃሚን