የታናሽ ወንድሜ ትእዛዝ

ሐሙስ፣ ጥር ፳፫ ቀን ፲፱፻፳፯ ዓ.ም.፣ አራዳ

ዛሬ ከጊዮርጊስ አስቀድሼ ስወጣ ያሳደግኩት ታናሽ ወንድሜ ታደሰ፣ ፈረንጅ ያሠለጠናቸውን ወታደሮች እየመራ በገበያው መሐል ሲያልፍ አየሁት። ከሕዝቡ ጋር እየተጋፋሁ ጎን ለጎን ተከተልኩት። እኔ አሥራ ስምንት ዓመት የደጃዝማችን ደጅ ጠንቼ ነው ሃምሳ አለቃ የሆንኩት። እሱ በሁለት ዓመት ትምህርት መቶ አለቃ ተባለ። የእኔ ሰዎች ሲጓዙ አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ እያወራ ነው፤ የእሱ አርባ ሰው ግን እንደ አንድ ሰው ይረግጣል።

«ቁም» አለ፣ ብዙም ሳይጮህ። ሁሉም ቀጥ አሉ።

ወደ እኔ ሲመጣ እንደ ልማዱ ጉልበቴን ይስማል ብዬ ጋቢዬን ሰብሰብ አደረግኩ። እሱ እጁን ወደ ቆቡ አነሣና «ደህና አደሩ፣ ጋሼ፤ ሥራ ላይ ነኝ» ብሎኝ ተመለሰ። ያንን ቆብ ተመኘሁት።

ቤት ገብቼ ጉልበቴን ሳይስም ሄደ ብዬ ለባለቤቴ አማረርኩ።

«ልጅ ነው፣ ይተዉት» አለችኝ።

አልነገርኳትም እንጂ ያንገበገበኝስ ጉልበቴን አለመሳሙ አይደለም። ታደሰ «ቁም» ሲል እኔም ቆሜ ነበር፤ ያውም እግሬን ገጥሜ።