ባሌ የፈታታው ማዳመጫ

እታለም፣

እንዴት ሰንብተሻል? ጉልበትሽ ደረጃ ስትወጪ አሁንም ይቆረጥምሻል? ልጆቹስ? ባልሽስ ደህና ነው? እማዬን መጨረሻ ላይ ያደረግኳት ረስቻት እንዳይመስልሽ፤ ዋናው ነገሬ የእሷው ነው፤ እደርስበታለሁ። እኔ እዚህ የልብስ ማጠቢያ ቤቱ ካውያ ክንዴን ከመጥበሱ በቀር ደህና ነኝ። የእማዬን ነገር በስልክ ያላነሳሁብሽ ገና አፌን ስከፍት «ኧረ ደህና ናት!» ብለሽ ስለምትዘጊኝ ነው። ወረቀት ግን አይቋረጥም።

መጀመሪያ የባሌን ጉድ ስሚ። ሰውዬው ሰሞኑን የድምፅ ሊቅ ሆኗል። አዎ፣ ያው ሰውዬ፤ የሚንጠባጠብ ቧንቧ ሥር ዓመት ሙሉ ባልዲ ደቅኖ የሚያልፈው፣ የመጋረጃውን ዘንግ በገመድ ያሰረው። መጋዘን አብሮት የሚሠራ አንድ ጓደኛው፣ የጆሮ ማዳመጫ ተፈቶ ውስጡ ቢነካካ ድምፁ ይለወጣል ብሎ ነገረው። ከዚያ ወዲያ ቤቱ ቤት አልሆነም። ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል ሲሉ እሰማ ነበር፤ ለካ መነኩሴውን ያገባሁት እኔ ነኝ።

የራሱን ፈታ። ከትራሴ ጥጥ መዘዘና ጠቀጠቀበት። ድምፁ ታፈነብኝ አለና መልሶ አወጣው። ቀጥሎ የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጄን በመቀስ ክብ ክብ አድርጎ ቆረጠው፤ እኔ ሳህን በጨርቅ ሳጥብ ሰነበትኩ። ጀርባውን በጋለ መርፌ በሳ፣ የበሳውን በፕላስተር ደፈነ፣ የደፈነውን ደግሞ ግማሹን ላጠ። በነካካው ቁጥር ጆሮዬ ላይ ይደፋውና «ሰማሽ? አሁንስ ሰማሽ?» ይለኛል። ምኑን ልስማ? ያው ዘፈን፣ ያው ዘፋኝ! ልዩነቱ አልታየኝም ብለው፣ ጆሮሽ አልሠለጠነም አለኝ። ቀኑን ሙሉ የልብስ ማድረቂያ ሲያጓራበት የሚውል ጆሮ ምን ይሠልጥን! በመጨረሻ የማዳመጫው ግራ ጎን ጭራሽ ዝም አለ። ያፍራል ብዬ ነበር፤ በቀኙ እየሰማ ቀጠለ።

ባለፈው ሳምንት እሑድ ከገበያ ስመለስ ጠረጴዛው ላይ የተዘረገፈው የእኔው ማዳመጫ ሆኖ አገኘሁት። የእኔው! አንቺ የእማዬን ድምፅ ቀድተሽ ስትልኪልኝ፣ ምሳ ሰዓት ላይ የመተኮሻ ክፍሉን ግድግዳ ተደግፌ የምሰማበት። ያለ እሱ ማሽኑ ድምጿን ይውጠዋል። ካቻቢቴውን ከእጁ ነጠቅኩት፤ ያልወረወርኩት ስድብ የለም። እሱ ምን ተዳው! ከድምፅ ማውጫው ፊት ተለጥፎ የነበረውን ስስ ስፖንጅ ነቅሎ አሳየኝና፣ ሲያፍንሽ የኖረው ይሄ ነው፣ ከእንግዲህ ትንኝ ስታዛጋ ትሰሚያለሽ አለኝ።

በማግስቱ እየተራገምኩ አደረግኩት። እማዬ የዘወትሯን ነው ያለችው፤ ደህና ነኝ፣ ስለ እኔ አታስቢ። ድምጿ ጠርቶ ጥርሷ መሐል የሚያመልጠው ትንፋሽ እንኳ ይሰማ ነበር። ከእሷ ኋላ ደግሞ የአንቺን ሹክሹክታ ሰማሁ፤ «ቆይ ላጥፋው፣ ሳልሽን ጨርሺና ትቀጥያለሽ» ትያታለሽ። መልእክቱ እዚያ ላይ ተቆረጠ። ቀጣዩ ሲጀምር እያለከለከች ነው፤ ደረቷ ውስጥ የሆነ ነገር ሲር ሲር ይላል።

የቆዩትን አንድ በአንድ መልሼ ሰማኋቸው። ከአራት ወር ወዲህ ያሉት ሁሉ እንዲያ ናቸው። ቁርጥራጭ የሚሆኑት «ስልኬ ስላረጀ ነው» ብለሽኝ ነበር። ድንቄም አሮጌ ስልክ! እኔ ሞኟ አዲስ ልልክልሽ ስጠያይቅ ነበር። እንግዲህ ባሌን ያህል አንቺንም ንቄሻለሁ፤ እሱ ጥጥ ይጠቀጥቅብኛል፣ አንቺ የእናቴን ሳል ትቆርጪብኛለሽ። ሩቅ ያለ ሰው አይጨነቅ ማለት የቤታችን ደንብ መሆኑን አውቃለሁ። አባዬንም «ደህና ነው፣ ደህና ነው» ስትሉኝ ቀብሩ አመለጠኝ። ያን ዋጥኩት። ይህን ግን አልውጠውም። ሐኪም አይቷታል? ምን አለ? አንድም ቃል ሳታስቀሪ ጻፊልኝ። አለቃዬን ፈቃድ ጠይቄያለሁ፤ ሻንጣዬም ከአልጋ ሥር ወጥቷል።

ለባሌ የሰማሁትን አልነገርኩትም። ትክክል ነበርክ ካልኩት ማቀዝቀዣውን ይፈታዋል። ትናንት ግን ስፖንጁን መልሼ ልለጥፍልሽ ሲለኝ እንዳትነካው አልኩት።

ልጆችሽን በየጉንጫቸው ሳሚልኝ። ባልሽን ሰላም በይልኝ፤ ካቻቢቴ ካለው ደብቂበት። እማዬን እቀፊልኝ፤ ደብዳቤውን ግን አታንብቢላት። ስልኩን ብቻ አጠገቧ አስቀምጪና መቅጃውን ክፈቺው። ሳሏ ሲመጣ አታጥፊው፤ እስክትጨርስ አብሬያት እቆያለሁ።

ታናሽሽ
ከመተኮሻው ክፍል፣ ማክሰኞ ኅዳር 9 ቀን