ያልተደፋው ሰማያዊ ወርቅ

ለዘንጊዋ የላብራቶሪ እህቴ፣

ማሞቂያውን ሳታበሪ ወደ ቤትሽ የሄድሽ ጊዜ፣ ቀይ መሆን የነበረበት የወርቅ ብናኝ ውሃ ሰማያዊ ሆኖ አድሮ፣ አለቃችን «ጓጉሏል፣ ድፊው» ያሉሽን አልረሳሽም መቼም። ከሳቸው ደብቄ እዚህ ውጭ አገር ያመጣሁት ብልቃጥ ዛሬ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ስር ገባ። እዚህ ክፍሉ እንደ ጓዳ ጨለማ ነው፤ እንደኛ ብልቃጡን ወደ መስኮት አንስቶ ማየት የለም። ስክሪኑ ሲበራ የጓጎለ የሚባል ነገር አልነበረም። ሁሉም ስስ፣ ዝርግ፣ ባለ ሦስት ማዕዘን ወርቅ ነው።

የማይክሮስኮፑ ባለሙያ ብልቃጡ ውስጥ የቀረውን ወደ መብራት ያዘችው፤ ብርሃን ሲያልፍበት ሰማያዊ፣ ነቅነቅ አድርጋ ከጎን ስታየው የወርቅ ብልጭታ። «ዝርግ ስለሆነ ኤሌክትሮኖቹ አብረው እየተወዛወዙ ቀዩን ብርሃን ይውጡታል» አለችኝ። «እኛ እንዲህ ዝርግ አድርገን ለማሳደግ ስንት ለፋን። እናንተ ምን አድርጋችሁ ነው?»

«ማሞቂያ ረስተን» የሚለው አፌ ላይ ሲደርስ ዋጥኩትና፣ «እኛ ሳንቸኩል በቀዝቃዛው ነው የምናሳድገው» አልኳት ኮራ ብዬ። እንቁላሉ በእግሩ ሄደልሽ።

የፖስታ ካርዱ ቦታ አለቀብኝ። እናትሽን ሳሚልኝ፣ አለቃችንንም በአክብሮት ሰላም በይልኝ። መደርደሪያው ላይ ሳትደፊው የቀረውን ማንም እንዳይነካው። ማሞቂያውን ደግሞ አደራ፣ እንዳታበሪው።