ሠላሳ ጥርስ ያለው ቀለበት

ውድ አባዬ፣

ከተለየኸን ሁለተኛው ክረምት እየወጣ ነው። መልካም ወሬ ሲኖረኝ እጽፍልሃለሁ እያልኩ ቆየሁ። አሁን የምጽፍልህ ግን አፍሬ ነው።

ቤታችን ደህና ነው። እማዬ ጉልበቷን ያማታል እንጂ ምላሷ እንደ ድሮው ነው፤ ባለፈው የቀበሌ ስብሰባ ላይ ስታንቀላፋ ተይዛ ሊቀመንበሩን መልሳ ተቆጣችው። ሱቅህን እኔ ይዤዋለሁ። ከጅቡቲ በባትሪ የሚሠራ ሰዓት በባቡር እየገባ ስለሆነ የሚታደስ እያነሰ ሄዷል። አንተ ብትኖር ታሾፍበት ነበር።

ጡረተኛው ባቡር ነጂ ጋሽ ዩሱፍ በሐምሌ ያንን የወርቅ ሰዓታቸውን ይዘው መጡ፤ ወደ ኋላ ስለሚቀር ውስጡን እንዳጥብላቸው። ታውቀዋለህ፣ እጅ ሲንቀሳቀስ ራሱን የሚሞላ፣ ቀኑን በትንሽ መስኮት የሚያሳይ ሰዓት ነው። ስፈታው ቀኑ የተጻፈበት ቀለበት የፋብሪካው አልነበረም። በእጅ የተሞረደ ነሐስ ነው። ቁጥሮቹ ደግሞ ያንተ እጅ ጽሑፍ ናቸው፤ ሰባትህን የትም ባየው አውቀዋለሁ።

አባዬ፣ ያን ጊዜ ያሰብኩትን ለመጻፍ ይከብደኛል። ሰዓት ሠሪዎች ከውድ ሰዓት ዋናውን ዕቃ አውጥተው ይሸጣሉ፣ በቦታው የራሳቸውን ይከታሉ እየተባለ ይወራ የለ? አንተም እንደዚያ አድርገሃል ብዬ አመንኩ። አላጣራሁም። ቁጥሮቹን እስከ መጨረሻው እንኳ አላነበብኩም። ስምህን ላድን ብዬ ከአንድ የተበላሸ ሰዓት የፋብሪካ ቀለበት አውጥቼ ገጠምኩላቸው፤ ያንተን ማንም እንዳያይብህ ወስጄ ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ጣልኩት። ጥሩ ልጅ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

ነሐሴ የገባ ዕለት ጋሽ ዩሱፍ ተመልሰው መጡ። ሰዓቱን ከእጃቸው ፈትተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። መስኮቱ ሠላሳ አንድ ይላል።

"አቦ፣ ይሄ ቀን በየትኛው ወራችን ነው ያለው?" አሉኝ። "የአባትሽን ሠላሳ የት አደረግሽው?"

ወንበርህ ላይ ተቀምጠው ሁሉንም ነገሩኝ። ሰዓቱ የተሠራው ለፈረንጅ ወር ስለሆነ ወር ባለቀ ቁጥር አንድ ሙሉ ቀን በእጅ ማዞር ነበረባቸው። አንተ ግን፣ ሰዓቱን የሠሩት ሰዎች የእኛን ወር አያውቁም እንጂ አልተሳሳቱም ብለህ፣ ሠላሳ ጥርስ ያለው ቀለበት እስኪገጥም ድረስ እየሞረድክ እየጣልክ ሠራህላቸው። የምታስቸግርህ ጳጉሜ ብቻ ነበረች። በየዓመቱ መስከረም ሲብት የሚመጡት ቁጥሩን ወደ አንድ እንድታሻግርላቸው ኖሯል። እኔ ሻይ ሊጠጡና የባቡሩን አለቆች ሊያሙ የሚመጡ ይመስለኝ ነበር። አንተም እኮ ስለሠራኸው ነገር አውርተህ አታውቅም።

አንተን ጠርጥሬ ቀለበቱን ደቻቱ መጣሌን ሳልደብቅ ነገርኳቸው። "ነሐሱስ ይሁን፤ እሱን ግን እንዴት ጠረጠርሽው?" አሉኝ። ሰዓቱን ትተውልኝ ወጡ።

ደቻቱ ሄድኩ። ጎርፉ ከዚያ በፊት ወርዶ አሸዋውን ሁሉ ገልብጦታል። ያም ሆኖ በእጄ ስጭር ቆየሁ። በድልድዩ የሚያልፉ ሴቶች ምን ጠፋብሽ ሲሉኝ ጉትቻ አልኳቸው። እዚያም ዋሸሁ።

ከዚያ ወዲህ ነሐስ ስሞርድ ከረምኩ። አንዱ ጥርሱ ይሰፋል፣ አንዱ የመጨረሻው ክፍተት ይጠብበታል። ስትሞርድ ትንፋሽህን ትይዝ ነበር፤ ልጅ ሆኜ አጠገብህ ስቀመጥ እኔም ሳላውቀው አብሬህ እይዝ ነበር። አሁን ለምን እንደምትይዘው ገባኝ። ትናንት አንዱ ቀለበት ከሠላሳ ወደ አንድ ሳይደናቀፍ ዞረልኝ።

ቁጥሮቹን በራሴ እጅ ጽሑፍ ነው የጻፍኳቸው። ያንተን ሰባት አስመስዬ መጻፍ አያቅተኝም ነበር፤ አላደረግኩትም። ነገ ለጋሽ ዩሱፍ እወስድላቸዋለሁ። ይቀበሉኝ አይቀበሉኝ አላውቅም። ከእንግዲህ ግን ያንን ሰዓት አይቶ ለጠየቀኝ ሁሉ፣ ለእማዬም ጭምር፣ እንዲህ እላለሁ፤ ይሄ ሁለተኛው ነው፣ የመጀመሪያውን የፈጠረው አባቴ ነው፣ ሌባ መስሎኝ የጣልኩት እኔ ነኝ።

ልጅህ