ግድግዳው ላይ ያለው ሦስተኛ እግር

ሰውአገኝ፣

እናቴን አሟት ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ ሄጃለሁ፤ እስከ ሳምንት አልመለስም። የልምምድ ቤታችን ቁልፍ ጎረቤታችን እማማ አሰለች ዘንድ ነው።

ፑሽአፑን ሰኞ፣ ብረቱ ላይ መሳቡን ማክሰኞ፣ በእጅ መቆሙን ሐሙስ ሥራ። ባንድ ቀን አትደራርበው፤ ትከሻህ ገና አልዳነም። እሑድ ተሸክሜህ ሳለ ስለጣልሁህ…

ተወው።

ረቡዕና ዓርብ ስለምንጾም ልምምድ የለም ተባብለን ነበር። ታዲያ ትናንት፣ በጾም ምድር፣ ስንገለበጥ እግራችን የሚያርፍበት ግድግዳ ላይ ያየሁት የትንሽ እግር ጭቃ የማን ነው? ያንተም የኔም አይደለም። መቼም እማማ አሰለች አልተገለበጡ!

ለመስቀል የአክሮባት ትርኢት የተመዘገብነው እኔና አንተ ነን።

ግድግዳውን ኖራ ቀብቼዋለሁ። ስመለስ ያንተን እግር ብቻ ልይበት።

ምሥጋናው