ሪዝ ያለው ካሬ

ሐሙስ፣ የካቲት 14
ከትምህርት ቤት መልስ

ውድ አባዬ፣

እንዴት ነህ? ደብዳቤ የሚጀመረው "እኛ ደህና ነን" ተብሎ ነው፤ ግን እንዲያ ብዬ ከጀመርኩ ቀጥሎ ያለውን መጻፍ ያቅተኛል። ስለዚህ ቆመን እየሄድን ነው ልበልህና ልለፈው። እማዬ ትሠራለች፣ እኔ እማራለሁ፣ ትንሹ ልጅህ ድንች ይበላል። አሁን ራሱ ከጠረጴዛው ሥር ገብቶ የጫማዬን ክር እየፈታ ነው።

ያልደወልኩት ስልክ ላይ ስለማይሆንልን ነው። እህቴ አለቃ የተቀበረች ዕለት ስትደውል እማዬ ስልኩን ለእኔ ሰጠችኝ። ከኋላህ የምትሠራበት የወደብ ክሬን ሲያጉረመርም ብቻ ነበር የሚሰማኝ። ከዚያ "በርታ" አልከኝ፣ "እሺ" አልኩህ፣ ተዘጋ። አልተቀየምኩህም። ይሄኛው ነገር ግን በርታና እሺ ተባብለን የምንለያይበት አይደለም። እባክህ እስከ መጨረሻው አንብበው።

ማክሰኞ የሆስፒታሉ የጥናት ክፍል ጠራን። አንተ አታውቀውም፤ አንተ ወደ ወደቡ ከሄድክ በኋላ ነው የተላክነው። ሌላ ሆስፒታል መርምሮ መርምሮ ስም ያጣላቸውን ልጆች ይቀበላሉ፤ ደማቸውን ወስደው ዘረመላቸውን ያነባሉ። ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍቱ ሠርቶ አያውቅም። አለቃን አዝዬ ነበር የምወጣው። ጀርባዬ ላይ ሆና "ታክሲ፣ ቀስ በል፣ ተሳፋሪ ይዘሃል" ትለኛለች። አፏ እምቢ ሲላት ደግሞ ትከሻዬን በጣቷ መታ ማድረግ ጀመረች፤ አንዴ ከሆነ ቁም፣ ሁለቴ ከሆነ ሂድ። እንዲያም ሆና አለቅነቷን አልተወችም።

እዚያ ያለችው ሐኪም አንድን ልጅ ስትቀበል መጀመሪያ የምትሠራው የቤተሰቡን ሥዕል ነው። ወንዱ ካሬ፣ ሴቷ ክብ። ባልና ሚስት በመስመር ይያያዛሉ፣ ልጆች ከሥር ይንጠለጠላሉ። የታመመውን ታጠቁረዋለች፣ የሞተውን በሰያፍ መስመር ትሰርዘዋለች። በሽታው በማን በኩል እንደመጣ የሚፈልጉት በዚህ ነው። ሥዕሉ የተሠራ ቀን እኔ ፈተና ላይ ስለነበርኩ አላየሁትም። አለቃ ግን ስትመለስ ሐኪሟን "ሥዕል የማትችለዋ ሴትዮ" ብላ ስም አውጥታላት ነበር፤ "ሰውዬውን ሣጥን አድርጋ ትሥላለች" ብላ እየሳቀች።

ማክሰኞ ምን ሊነግሩን እንደጠሩን አናውቅም ነበር። እማዬ ደረጃው ላይ ሁለት ጊዜ ቆመች። ድንችን እኔ አዝዬዋለሁ። ያንኑ የፕላስቲክ ወንበር ይዘን ተቀመጥን። ሐኪሟ መጣችና፣ አለቃ ብታርፍም እነሱ ንባቡን እንዳላቆሙ ነገረችን። አግኝተውታል፣ አባዬ። ስም አለው። ስሙ ረጅም ስለሆነ እማዬ ሦስቴ አስደግማ አሁንም አልያዘችውም። ባጭሩ፣ ሰውነት ውስጥ አንድ ዓይነት ቆሻሻ የሚያስወግድ ኢንዛይም አለ። አለቃ ያ ኢንዛይም አልነበራትም። ስለዚህ ቆሻሻው ነርቮቿ ላይ ይጠራቀም ነበር። መጀመሪያ እግሯ፣ ከዚያ እጇ፣ ከዚያ አፏ። እኛ ጫማዋ ነው፣ ቪታሚን ነው፣ ስንፍና ነው ስንል የነበረው እሱ ነው።

ሐኪሟ እንዴት እንደሚወረስ ልታስረዳን ያን ሥዕል አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ያኔ ነው ያየሁት። አለቃ ለካ ያን ቀን እስክሪብቶውን ተቀብላ ሁሉንም ክብና ካሬ ዓይንና አፍ ሠርታላቸዋለች። እማዬ ጉትቻ አላት። እኔ ጥርስ ብቻ ነኝ። ድንች ያው ድንች ነው። ከእማዬ ጎን ያለው ካሬ ደግሞ በሰያፍ መስመር ተሰርዟል፤ ከመስመሩ በላይ ግን ወፍራም ሪዝ ተሥሎበታል።

"ይሄ ማነው?" አልኩ። ማን እንደሆነ እያወቅኩ ነው የጠየቅኩት።

"አባታችሁ ናቸው" አለች ሐኪሟ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ነፍሳቸውን ይማር።"

"አባቴ አልሞተም።"

ሐኪሟ እማዬን አየቻት። እማዬ ቦርሳዋን ከፈተች፣ ምንም ሳታወጣ መልሳ ዘጋችው። ድንች ብቻ ነበር የሚያወራው፤ ግድግዳው ላይ ከተሣሉት ዓሦች አንዱን እየተቆጣ ነበር።

እንዳትቆጣት፣ አባዬ። እኔ ተቆጥቼ ነበር፣ ግን እስክትመልስልኝ ድረስ ብቻ። ከዚያ ለሐኪሟ ሳይሆን ለእኔ ተናገረች።

"ካርድ የሚያወጣው ይጠይቀኛል፣ ነርሱ ይጠይቀኛል፣ ሐኪሙ ይጠይቀኛል። አባቷስ? ሄደ ስላቸው ለምን ይሉኛል። ሞተ ስላቸው ዝም ይላሉ። ደክሞኝ ነበር፣ ልጄ።"

ይሄን ያህል ብቻ ነው ያለችው። በየክፍሉ አንድ ዓይነት ጥያቄ እየመለስኩ አብሬያት ስለዞርኩ ገባኝ። መቼ ነው መውደቅ የጀመረችው? ስትወለድ አልቅሳለች? ወላጆቿ ይዛመዳሉ? እኔ እንኳ አንዳንዴ ለመገላገል ብዬ ያልሆነውን ልመልስ ይዳዳኝ ነበር።

ሐኪሟ አልተቆጣችም። የልጅና የሁለት ወላጅ ደም ጎን ለጎን ሲነበብ ከበሽታው ጋር የማይገናኘው ለውጥ ቶሎ ይጣራል፤ እነሱ ግን አባትየው የሉም ብለው በእናትና በልጅ ብቻ ሲፈልጉ ስለነበር ነው የዘገየው። እማዬ ወዲያው "ልጄ ትድን ነበር?" ብላ ጠየቀች። ሐኪሟ አትድንም ነበር አለቻት። አለቃ ወደነሱ ስትመጣ በሽታው አልፎ ሄዶ ነበር፣ ስሙ ቢታወቅም ለእሷ አይደርስም ነበር አለች። እውነቷን ይሁን ወይም ለእማዬ ብላ፣ አላውቅም። ሁለተኛ እንዳልጠይቃት ወስኛለሁ። አንተም ስትመጣ፣ ማለቴ ከመጣህ፣ አትጠይቃት።

አሁን ዋናውን ልንገርህ። አንድ ልጅ በዚህ በሽታ እንዲታመም ሁለት የተበላሸ የዘረመል ግልባጭ ያስፈልገዋል፤ አንዱ ከእናት፣ አንዱ ከአባት። የእማዬ ተገኝቷል። ሐኪሟ ይሄን ስትነግራት እማዬ "እንግዲያው እውነቱን ኖሯል" አለች። አንተን ማለቷ ነው። ስትሄድ በሩ ላይ ሆነህ በእኛ ዘር እንዲህ ያለ የለም ያልከውን ማለቷ ነው። ያን ጊዜ እኔም ኮሪደሩ ላይ ነበርኩ። አክስቴም፣ ያንተ እህት፣ ከዚያ በኋላ ስትመጣ ስትሄድ ደጋግማዋለች። ሐኪሟ ግን የእማዬን እጅ ያዘችና "የአንቺ ብቻውን ማንንም አያሳምምም" አለቻት። ግማሹን የተሸከመ ሰው ራሱ አይታመምም፣ መሸከሙንም አያውቅም። እማዬ በእነዚያ ሁለት ዓመታት ብቻዋን የተሸከመችው ምን እንደነበር ያኔ ፊቷ ላይ አየሁት። ሌላውን ግማሽ ካንተ ነው እያልኩ ልከስህ አይደለም። ምንም አላደረግክም። እሷም አላደረገችም።

አለቃ ላይ የተገኘው ሁለተኛው የዘረመል ለውጥ ግን ከዚህ በፊት የትም ቦታ ተመዝግቦ አያውቅም። ስለዚህ በሽታ አምጪው እሱ ነው ወይስ ምንም የማያደርግ የቤተሰብ ምልክት ነው የሚለውን እርግጠኛ ሆነው መናገር አይችሉም። ጉዳዩ ያለቀ ቢመስል ኖሮ አላስቸግርህም ነበር። አላለቀም። ድንችም ሁለቱም አሉበት።

ከጠረጴዛው ሥር ያለው ድንች። አንተ ስትሄድ መዳህ የጀመረው።

ደሙን ለክተውታል፣ ኢንዛይሙ ዝቅ ያለ ነው። ግን ኢንዛይማቸው ዝቅ ብሎ እስከ እርጅና የማይታመሙ ሰዎች አሉ፤ ድንች ከየትኛው ወገን እንደሆነ ቁጥሩ ብቻውን አይነግራቸውም። የአንተን ደም አንብበውና ለክተው ከእሱ ጋር ሲያስተያዩት ነው የሚታወቀው። ሕክምና አለ፣ አባዬ። አዲስ ነው፣ በጥናት ላይ ነው። የራሱን ሴል ከመቅኒው ወስደው ያስተካክሉታል፣ ከዚያ መቅኒውን በኃይለኛ መድኃኒት ባዶ አድርገው የተስተካከለውን ይመልሱለታል። ፀጉሩ ይረግፋል፣ ብዙ ጊዜ ተዘግቶበት ይተኛል፣ አደጋም አለው። ስለዚህ በግምት ለጤነኛ ልጅ አይሰጡትም። ለታመመም አይሰጡትም፤ አንዴ እግሩ ከከዳው በኋላ የሄደውን አይመልስም። የሚሠራው ከዚያ በፊት ላለ ልጅ ብቻ ነው። አለቃ መደናቀፍ ስትጀምር አራት ዓመቷ ነበር። ድንች ሦስት ሞልቶታል።

ትናንት ባዮሎጂ ክፍል መምህሩ ሰሌዳው ላይ አራት ሣጥን ሠራና አንዱን በጠመኔ ሞላው። የአተር ቀለም ነው የሚያስተምረን። ጎኔ የሚቀመጠው ልጅ "ይሄኛው አተር ዕድለ ቢስ ነው" ብሎ ሳቀ። ቀልድ ነው፣ በሌላ ጊዜ እኔም እስቅ ነበር። አስፈቅጄ ወጣሁና ቧንቧው ጋ ውሃ እያፈሰስኩ ቆየሁ። የእኔ ሣጥን የትኛው እንደሆነ አላውቅም። ብታመም እስካሁን ይታወቅ ነበር ብለውኛል፣ ስለዚህ አትስጋ። ግማሹን ተሸክሜ እንደሆነ ግን ዕድሜዬ ደርሶ ራሴ ካልጠየቅኩ አይመረምሩኝም። እንደምጠይቅ እንጃ።

ዛሬ ጠዋት ድንች መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ወደቀ። እማዬ ማንኪያ ይዛ ነበር፣ እኔ ቦርሳዬን። ሁለታችንም ባለንበት ቀርተን አየነው። እሱ ቀና ብሎ አየን፤ ለምን እንዲያ እንደምናየው ሲጨንቀው ነው ማልቀስ የጀመረው። የእኔን ካልሲ አድርጎ ነበር። ሰፊ ነው፣ ያንሸራትታል። ካልሲው ነው። አውልቄ ቁም ሣጥኑ ላይ ደበቅኩት። ድጋሚ ቢወድቅ ምን እንደምደብቅ ግን አላውቅም።

የሚያስፈልገው እንግዲህ ደም ነው። ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው፣ እዚያው ወደብህ አካባቢ ያለ ክሊኒክ ቀድቶ በበረዶ ሣጥን ይልካል። ሐኪሟ ግን ለኢንዛይሙ ልኬት ትኩስ ደም ነው የሚፈለገው፣ መንገድ ላይ ከዋለ ይበላሻል፣ ከተበላሸ እንደገና ይጀመራል አለች። ሁለተኛው፣ መጥተህ እዚህ መስጠት ነው። አንተ እንደሚመችህ አድርግ። ሥራ እንዳለብህ አውቃለሁ። የሐኪሟን ስልክ ከደብዳቤው ጀርባ ጽፌዋለሁ፤ የትኛውን እንደመረጥክ ለእሷ ብትነግራትም ይበቃል፣ ለእኛ መደወል የግድ አይደለም። እኔ ግን ድንች እየከበደ መሆኑን ልነግርህ ፈልጌ ነው። ሦስተኛ ፎቅ ድረስ አንድ ሰው ብቻውን ሲያዝለው ጉልበት ይጨርሳል። ሊፍቱንም የሚጠግኑት አይመስለኝም።

ሐኪሟ በአዲስ ወረቀት ሌላ ሥዕል ሠርታለች። የአለቃን ክብ አጠቆረችውና መስመሩን አሰመረችበት። ያንተ ካሬ ላይ ምንም መስመር የለም፤ ውስጡ ባዶ ነው፣ ከጎኑ የጥያቄ ምልክት አለ። አሮጌውን ኮፒ አድርጋ ሰጥታኛለች፣ ከዚህ ጋር ታገኘዋለህ። ሪዙ ወደ አንድ ጎን የሄደው የአለቃ እጅ መንቀጥቀጥ ጀምሮ ስለነበር ነው። የሞተ ሰው ሪዝ አያስፈልገውም ብላ ይመስለኛል የሠራችልህ። አሁንም አለህ? ተላጭተኸው ከሆነ ድንችን ላሳየው የምችለው ይሄንን ሥዕል ብቻ ነው።

እማዬ እየጻፍኩ አይታኛለች። ስለ እኔ አንድ ቃል እንዳትጽፍ ብላኝ ወጣች። ቃሏን እንዳልጠበቅኩ ታያለህ። ከዚያ ተመልሳ በሩ ላይ ቆመችና "ቀበቶውን እንዲያስር ንገረው፣ ክሬኑ ላይ ሲወጣ" አለች። ነግሬሃለሁ።

ነፋሱ ይርጋልህ፣ ያነሳኸውን በሰላም የምታወርድ ያድርግህ። መሰላሉን ስትወጣም ስትወርድም እግርህ አይክዳህ።

ልጅህ
ታክሲው